ዘጠነኛው ላይ ወደ ግራ

እኔ ዘህራን ዕድሜዬን ሙሉ የነዳጅ ዘይት ካምፕ ውስጥ ፓምፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የታመመ ማሽን ድምፁን ሰምቼ ምኑን እንዳመመው እናገራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ስለዚህ የወዳጄ የኸልፋን የጎልፍ ኳስ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ እየተጠመዘዘች ወደ ግራ መንጎድ ስትጀምር፣ «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ሜዳችን ካምፑ ጀርባ የተኛው አሸዋ ነው። ሳር የሚባል ነገር ስለማያውቅ ሳራችንን ይዘን ነው የምንዞረው። እያንዳንዳችን ክንድ የምታህል የፕላስቲክ ሳር ቦርሳችን ላይ አንጠልጥለናል። ሳሯን አሸዋው ላይ እንዘረጋለን፣ ኳሷን እላይዋ አስቀምጠን እንመታለን፣ ሳሯን አንስተን እንሄዳለን። ጉድጓዱ ያለበት ክብ ደግሞ በድፍድፍ ዘይት የታሸ አሸዋ ስለሆነ ጥቁሩ እንለዋለን። ሙስካት ውስጥ አረንጓዴ ሜዳ የለመዱ ልጆች ይስቁብናል። ይሳቁ፤ እኛ ግን እዚህ አሸዋ ላይ ነው ያረጀነው።

ኸልፋን የካምፑ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ኒዝዋ ካለው ቤቴ በር ላይ መኪናውን ያቆምና ጥሩምባ እንኳ ሳይነፋ ይጠብቀኛል። እኔ ልብሴን እየለበስኩ እጮኻለሁ፣ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ባለፈው በጋ ሚስቱ ዘዊና ሞተችበት፤ አላህ ይማራት። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ የሚወጣው ለመስጊድና ለሐሙስ ብቻ ነው። ልጁ ከሙስካት ለሚስቴ ደውላ፣ «አጎቴ ዘህራን ሐሙስን እንዳያስቀሩበት፣ አደራ» አለቻት። አደራው እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ዘዊና ከመሞቷ በፊት ታማ በከረመችበት ዓመት ከሚስቴ ጋር እየሄድን እንጠይቃት ነበር። ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምትሰግደው። ሰላት ሲደርስ ኸልፋን መስገጃዋን እግሯ ሥር ይዘረጋላታል። አንዷ ማዕዘን ወደ ላይ የመጠቅለል አመል ነበራትና፣ ዘዊናም አንዴ ተደናቅፋባት ስለነበር፣ በርከክ ብሎ በመዳፉ ደጋግሞ ይዳብሳታል። ከረሳ ደግሞ ሴትዮዋ አትምረውም። «ኸልፋን፣ ማዕዘኗ ተነስታለች!» ትላለች፣ ልክ እንደ ካምፕ አለቃ። እኛ እንስቃለን፤ እሱም አፍሮ ይስቃል።

ኳሷ መጠምዘዝ የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ዘንበል ትል ነበር፤ እያደር ባሰባት። የሚገርመው ሌላው ጉድጓድ ላይ ኸልፋን ደህና ነው። ዘጠነኛው ላይ ብቻ! ዘጠነኛው ከሰዓት በኋላ ፀሐይን ፊት ለፊት የምናይበት ነው፤ በግራ በኩል አሮጌ የዘይት ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሞበታል። ከቧንቧው ያለፈች ኳስ የሞተች ኳስ ናት። የኸልፋን ኳሶች አንድ ባንድ እዚያ ማዶ ተቀበሩ።

በየክረምቱ እኛ ጡረተኞች የምንጋጠመው ግጥሚያ አለን። ሁለት ለሁለት ነው፤ ከሁለቱ ጓደኞች የተሻለ የመታው ይቆጠራል። የተሸነፈ ወገን ዓመቱን ሙሉ ከባዱን ብረት እየጎተተ ጥቁሮቹን ያስተካክላል፣ ያሸነፈ ደግሞ ቆሞ እያየ ይተርበዋል። ዘንድሮ እኔና ኸልፋን የገጠምነው ሁመይድንና ሙሰለምን ነው። ሙሰለም ሰላማዊ ሰው ነው። ሁመይድ ግን የካምፑ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ ምላሱ ከቦቴው ይረዝማል።

የግጥሚያው ዕለት ጠዋት ኸልፋን መንገድ ላይ መኪናውን ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«ምነው? ጎማ ነው?» አልኩት።

«ዘህራን፣ አባቴን ታስታውሰዋለህ?»

«አላህ ይማረው፣ እንዴት እረሳዋለሁ።»

«መንቀጥቀጥ የጀመረው ለእንግዳ ስኒ ሲያቀብል ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ ደህና ነው። ገመድ ይገምዳል፣ ዘንባባ ላይ ይወጣል፣ ምንም አይለው። ስኒ ሲይዝ ብቻ።» መሪውን የያዙትን እጆቹን አየ። «ዓመት ሳይሞላ ልብሱን የምንቆልፍለት እኛ ሆንን።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። እኔ ደግሞ ሆዴ ሲባባ የምጮኽ ሰው ነኝ።

«ኤዲያ! አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? እጅህ ምንም አልሆነም! ሐኪም ቤት ሂድና ይንገሩሃ!»

«ዘዊናን ያመላለስኩበት በር ውስጥ ተመልሼ አልገባም» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ቀጥ ብላ ካልሄደችልኝ፣ ዱላዎቹን ላንተ ሰጥቼ እቤቴ እቀመጣለሁ። እጄን ሰው እያየው እንዲያልቅ አልፈልግም። ሁመይድማ በጭራሽ።»

ሞተሩን አስነሳ። እቤቴ እቀመጣለሁ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ ቤት አንዴ ከዋጠው አይተፋውም። ስለዚህ ያቺን ኳስ ዛሬውኑ ማቃናት አለብኝ አልኩ።

ኳስ ወደ ግራ የምትጠመዘዘው የዱላው ፊት ሲነካት ስለሚዘጋ ነው። ይህን ልጅም ያውቀዋል። ፊቱን የሚዘጋው ደግሞ እጅ ነው። ስለዚህ ገና የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እጁን ያዝኩት። «የግራ እጅህ ዱላው ላይ በጣም ተገልብጧል፤ መልሰው!» አልኩት። መለሰው። ኳሷ ወደ ቀኝ ወጥታ እሾህ ውስጥ ገባች። «እንግዲያው አንጓህ ነው፤ ስትመታ አትጠምዝዘው፣ እንደ ብረት ያዘው!» አልኩት። እንደ ብረት ያዘው፤ ኳሷ ከፊቱ ተንከባልላ ቆመች። ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ የኳሷን ቦታ። ኸልፋን እሺ፣ እሺ ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

«ዘህራን» አለ ሁመይድ ዱላውን ተደግፎ፣ «ሰውዬውን ፈታተህ ጨረስከው እኮ። ስትገጥመው ቡሎን እንዳይተርፍህ!»

«አንተ አፍህን ዝጋ!»

«እኔማ ለቡሎኑ አዝኜ ነው።»

ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ኸልፋን ሁሉንም ምክሬን ተሸክሞ ቆመ፤ ቆሞ እንጨት ሆነ። የዱላውን እጀታ አንቆ ይዞታል። እጁ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየሁ፤ ማን የማይንቀጠቀጥ አለ እንደዚያ አንቆ ይዞ? እሱ ግን እጁን አይቶ ፊቱ አመድ ሆነ። መታ። ኳሷ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ወጣች፣ ወደ ትልቁ ግራር አቅጣጫ። ከዚያ አየር ላይ ሐሳቧን የቀየረች ይመስል ወደ ግራ ታጠፈች፣ ታጠፈች፣ ቧንቧውን ዘለለች። ወደ ቀኝ መውጣቷን ዓይኔ አይቷል። ጭንቅላቴ ግን ስለ እጁ በማሰብ ተይዞ ነበርና ልብ አላለውም።

«ኸልፋን» አለ ሁመይድ፣ «ቧንቧው ማዶ ቤት ሠርተሃል እንዴ? ኳስህ ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው!»

ኸልፋን ቦርሳውን አንስቶ ወደ መኪናው አቅጣጫ መራመድ ጀመረ። ሮጬ ደረስኩበት፤ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ።

«የት ነው?»

«ነግሬሃለሁ።»

«ገና አንድ ዙር አለን! ዘጠነኛውን እንደገና እንመጣበታለን። ግማሹን ግጥሚያ ጥለህ ልትሄድ ነው? ለሁመይድ ልትሰጠኝ? ዕድሜ ልኬን ብረት ስጎትት እየተሳቀብኝ ልሙት?»

ቆመ። እሱ ለኔ ሁልጊዜም ያዝናል። «እጨርሳለሁ» አለ፣ «ግን ስለ እጄ፣ ስለ አመታቴ፣ ስለ ምንም አንድ ቃል አትተነፍስም። እስከ መጨረሻዋ ኳስ። ማልልኝ።»

«ኸልፋን...»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ አንድ ቃል አልተነፍስም» አልኩ። መሐላ ቀልድ አይደለም፤ የኸልፋን ዓይን ደግሞ ያን ጊዜ የቀልድ ዓይን አልነበረም።

ሁለተኛው ዙር በዝምታ ተጀመረ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን የነቀዝኩ መሰለኝ። ሚስቴ ብታየኝ፣ «ዘህራን ዝም አለ? የቂያማ ምልክት ነው!» ትል ነበር። ጉሮሮዬ ውስጥ ያለው ምክር ሁሉ እንደ አጥንት ተሰንቅሮብኝ ይዤው ዞርኩ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? እኔ ዝም ስል ኸልፋን ዳነ። ሳሯን እንደ ድሮው በግዴለሽነት ይጥላል፣ በጫማው ገፋ ያደርጋታል፣ ይመታል፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መሐላው ይዞኝ እንጂ በደስታ መጮኽ አምሮኝ ነበር። አንዱን ጉድጓድ ወሰድን፣ ሌላውን ተካፈልን፤ ዘጠነኛው ላይ እንደገና ስንደርስ እኩል ሆነን ነበር። ኸልፋን ግን ፊቱ አልተፈታም። እዚህ ደህና መሆኑ አላጽናናውም፤ የአባቱም እጅ ስኒ ካልያዘ ደህና ነበር።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ደርሶ ስለነበር ከመምታታችን በፊት እዚያው መነሻው አጠገብ ሰገድን። ውዱእ ያደረግነው ከሙሰለም የውሃ ጀሪካን ነው። ኸልፋን መስገጃውን ከቦርሳው አውጥቶ ከፊታችን ዘረጋና አሰገደን። ሁመይድ የራስ ጥምጥሙን አንጥፎ ከጎኔ ቆመ። ከኸልፋን ራስ በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ የዘጠነኛው ባንዲራ በሰሜኑ ነፋስ ሲውለበለብ ይታየኛል። ሰላት ላይ ሆኖ ባንዲራ ማየት ነውር ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አየሁ።

ጨርሰን ተነሳን። ሁመይድ ቀድሞ መታ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ጥቁሩ ጫፍ ላይ ያረፈች ኳስ። ሙሰለም እሾህ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ እኔ። በዚያ ንዴትና በዚያ ፍርሃት ላይ ሆኜ ምን መታሁ ልበል? አሸዋውን ነው የመታሁት። ኳሷ ወደ ቀኝ ተፈናጥራ ድንጋይ ሥር ተቀበረች። እኔ አለቅሁ፤ የቀረው ኸልፋን ብቻ ሆነ።

«አይዞህ ዘህራን» አለ ሁመይድ፣ «ብረቱን ዘይት ቀብቼ አቆይልሃለሁ፣ እንዳይከብድህ።»

ኸልፋን መስገጃውን ጠቅልሎ ቦርሳው ላይ አስቀመጠ። ሳሯን ፈታ። አልጣላትም። ጎንበስ አለ፣ በሁለት እጁ ዘረጋት፣ በርከክ ብሎ የቀኟን ማዕዘን በመዳፉ ደባበሰ፣ ደግሞ ደባበሰ።

ይህን አደባበስ አውቀዋለሁ። ዓመት ሙሉ ከሚስቴ ጋር ተቀምጬ አይቼዋለሁ፣ ስቄበታለሁ። የሳሯ ማዕዘን እኮ የተጠቀለለች አይደለችም፤ ድርቅ ያለች ፕላስቲክ ናት።

ሳሯን ተከትዬ አየሁ። ጠርዟ የምታመለክተው ባንዲራውን አይደለም። ከባንዲራው በስተቀኝ ወደ ግራሩ፣ አሁን ፊታችንን አዙረን ወደ ሰገድንበት አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላው ነው። ትንሽ ነው ልዩነቱ፤ ካልፈለጉት አይታይም። ሌላው ጉድጓድ ላይ ሁሉ ቂብላ ከጀርባችን ወይም ከጎናችን ስለሆነ እጁ አይሳሳትም። ዘጠነኛው ብቻ ለቂብላ ይቀርባል። እዚህ ሲደርስ ኸልፋን ባንዲራውን እያየ፣ እጁ ግን ለዘዊና ነው የሚዘረጋው።

ከዚያ እግሩን ከሳሯ ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ይቆማል፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንቆመው። ስለዚህ ኳሷ ወደ ቀኝ ትወጣለች። እጁ ደግሞ ባንዲራው የት እንዳለ ያውቃልና እየጠመዘዘ ሊመልሳት ይታገላል። እጁ አልታመመም! የተንጋደደ መሠረት ላይ ቆሞ ሲታገል ነው የከረመው። ፓምፕ ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የቆመበትን እዩ እያልኩ ስንት ጀማሪ ላይ ጮኼአለሁ፤ የገዛ ወዳጄ ሲሆን ግን ሞተሩን ስፈታ ዋልኩ። አይ ዘህራን፣ ጉድ ነህ!

ኳሷን ሳሯ ላይ አስቀመጠ። እግሩን አስተካከለ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ መሐላዬ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ዱላውን አነሳ።

ዘልዬ ገባሁና ሳሯ ፊት በርከክ አልኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ኸልፋን። ድምፁ ተሰብሯል። «ምለህልኛል እኮ!»

አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ኳሷን አነሳሁ፣ የሳሯን ጫፍ ይዤ ጠርዟ ባንዲራውን እስክታይ ድረስ ወደ ግራ አዞርኳት፣ ኳሷን መለስኩ።

«ምነው፣ ይሄ ይፈቀዳል እንዴ?» ብሎ ጮኸ ሁመይድ።

«ጓደኛው ነው፣ ይፈቀዳል» አለ ሙሰለም።

«አፉስ ምነው ተለጎመ?»

ኸልፋን ሳሯን አየ። አሸዋው ላይ ሳሯ ቀድማ ያተመችው ምልክት ከነማዕዘኑ ተቀምጧል። ከጎኑ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ መስገጃው የነበረበት ምልክትም አለ። የመጀመሪያው የሳር ምልክትና የመስገጃው ምልክት ጎን ለጎን፣ ልክ እንደ ባቡር ሐዲድ። ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። ባንዲራውን አየ። ከዚያ የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየው፤ ሳር ሲደባብስ የነበረውን።

ዱላው ከእጁ ወደቀ። ቁጭ አለ፣ አሸዋው ላይ፣ ነጭ ዲሽዳሻውን ለብሶ።

«ለሷ ነው» አለ። «ዘህራን፣ ለሷ ነው የምዘረጋው።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሞታ እንኳ...» ብሎ አልጨረሰውም። ሽማግሌው ኸልፋን፣ ቀብሯ ላይ ድንጋይ ሆኖ የቆመው ኸልፋን፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪነቃነቅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልዋሽ። ሁመይድን አየሁት፣ አንድ ነገር ቢተነፍስ ዱላዬን አናቱ ላይ ልሰብረው ነበር። አልተነፈሰም። ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሙሰለም ጀሪካኑን አምጥቶ ኸልፋን አጠገብ አስቀመጠለት።

ኸልፋን ፊቱን ታጠበ። እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ያዛቸው፣ ጣቶቹን ከፍቶ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ። አንዳቸውም አልተነቃነቁም።

«ደህና ናቸው» አለ፣ ሌላ ሰው የሰጠውን ዕቃ እንደሚያይ እያያቸው። «ደህና ናቸው እኮ።»

ተነሳ። ይመታል ብዬ ስጠብቅ ወደ ቦርሳው ሄደ። አሁንም ትቶ ሊሄድ ነው ብዬ ሰጋሁ። መስገጃውን ይዞ ተመለሰ። ከሳሯ አለፍ ብሎ፣ ዱላው በማይደርስበት፣ ወደ ቂብላው ዘረጋው፣ በርከክ ብሎ ማዕዘኗን ደባበሰ። ከዚያ ወደ ሳሯ መጥቶ እግሩን ከጠርዟ ጋር አስተካከለ። መስገጃው ወደ አንድ በኩል ይሄዳል፣ ሳሯ ወደ ሌላ። ከእግሩ ሥር ይቀራረባሉ፣ ወደ ፊት ይለያያሉ።

ዱላውን አነሳ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁን ሰማሁ፤ ድምፅ አውቃለሁ ብያችኋለሁ። ንጹሕ ድምፅ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ኳሷ ባንዲራው አናት ላይ ነበረች። ወደ ቀኝ አላለች፣ ወደ ግራ አላለች፤ ፀሐይዋ ውስጥ ገብታ ጠፋችና ጥቁሩ ላይ ጠብ አለች።

«አላሁ አክበር!» ብዬ ጮኽኩ። «ወላሂ እንደ ክር!»

«አሁን ተናገርክ» አለ ኸልፋን። ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አሸነፍን ብል ደስ ባለኝ። ጥቁሩ ላይ ኸልፋን ከጉድጓዱ ጥግ ሳተ። ሁመይድ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫውን እየጠራረገ፣ ከዳር ያለችውን ኳስ አንከባልሎ ከተታት። አዝኖም ያሸንፋል ያ ሰው! ብረቱ የኛ ሆነ። ኸልፋን እጀታውን ቀድሞ ያዘና እየጎተተ ጥቁሩን ዞረው፤ አንድ መስመር አላጣመመም። እኔ ከኋላው እየተራገምኩ ተከተልኩት።

በቀጣዩ ሐሙስ መኪናው በሬ ላይ ቆመ። ጥሩምባ ነፋ! ሚስቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ኸልፋን ነው ወይስ መኪናው ተሰርቆበት ነው?» አለች።

ሁመይድ ሳምንቱን ሙሉ አፉን ሲያዘጋጅ የከረመ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስለ ብረቱ ተረበኝ፤ ስለ ኸልፋን እንባ ግን ምንም አላነሳም። ዘጠነኛው ላይ ደረስን። ኸልፋን መስገጃውን ከቦርሳው አወጣ፣ ወደ ቂብላው ዘረጋ፣ ሳሯን ወደ ባንዲራው ጣላት። እግሩን አስተካክሎ ዱላውን ሲያነሳ የሰሜኑ ነፋስ ከቀኝ መጣና የመስገጃውን ጫፍ ገለበጠው።

«ቆይ፣ ቆይ ኸልፋን!» አለ ሁመይድ። «ማዕዘኗ ተነስታለች።»

ሁመይድ የኸልፋንን ቤት ረግጦ አያውቅም። የዘዊናን ቃል እኔም አልነገርኩትም፣ ሙሰለምም አያውቅ። ያ ምላሰ ረጅም ሰው ዱላውን ጥሎ ሄደ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ በርከክ አለ፣ ማዕዘኗን በመዳፉ ደባበሰ፣ እንዳትነሳ አሸዋ አፍሶ ጣለባት።

ኸልፋን ዱላውን አውርዶ ሁመይድን አየው።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ።

«ምታ እንግዲህ» አለ ሁመይድ፣ አሸዋውን ከእጁ እያራገፈ። «ፀሐይ ልትገባ ነው።»